ቁልፉ ማን ጋ ነው?

«ይድረስ ለእትዬ፤ እንደምን ሰነበቱ? የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ ነው። ቀን በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ። መስከረም ላይ ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ የምግብ ባንክ ጀመርን። የሰፈራችን እድር ድንኳንና ሳህን ከሚያስቀምጥበት አዳራሽ ጎን ያለችውን ክፍል ሰጠን። ስንጀምር 30 ነበርን። ቲሸርት አሠርተን ከጀርባው ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› አስጽፈን፣ ሱቅ ለሱቅ እየዞርን እህል፣ ዘይትና ፓስታ እንለምን ነበር። አሁን 14 ቤተሰብ እንረዳለን፤ በነፍስ ሲቆጠር 60 ሰው ነው። በወር የሚገባልን ሁለት ኩንታል ተኩል ያህል እህል ሲሆን በበዓል ሰሞን ከአምስት ኩንታል ያልፋል።

ችግሬ ወጣቱ ነው። መጋቢት ላይ አንዱ ልጅ ሁለት ፓኬት ፓስታ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ሲወጣ ያዝኩት። ለሌላው ትምህርት ይሁን ብዬ በሁሉም ፊት አባረርኩት። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን እኔው ይዣለሁ፤ ከሥራ ወጥቼ 12 ሰዓት ላይ ካልከፈትኩ ማንም አይገባም። ባለፈው ለለቅሶ አጋሮ ብሄድ ሁለት ቀን ተዘግቶ ዋለ። ዛሬ የቀረነው ስድስት ነን። ሌሎቹ ፎቶ በሚነሳ ቀን ብቅ ይላሉ። ‹ረሃብ የመንግሥት ሥራ ነው› የሚል አለ፤ ‹አበል አለው ወይ?› የሚልም አለ። አንዲት ድሮ እህል ነጋዴ የነበሩ እናት ጦማቸውን እንደሚያድሩ እናውቃለን፤ ግን ‹ወረፋ ላይ አልቆምም› ብለውናል። ክረምቱ መጣ። እህሉም እየነቀዘ ስላስቸገረን ክኒን ጨምረንበታል፤ የእድሩ ዘበኛ ከግድግዳው ወዲያ ስለሚያድር ክፍሉን በደንብ ዘግተነዋል። ለወጣቶቹ አበል ብንከፍል ይሻላል ወይስ እንዝጋው?
ባለ መጋዘኑ፣ ከጅማ»

ልጄ፣ ስለ አበሉም ስለ ወጣቱም እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ያቺን ክኒን።

ይህን እንዳነበብክ ዘበኛው ዛሬ ማታ እዚያ እንዳያድር አድርግ። ያ የነቀዝ ክኒን እርጥበት ሲነካው መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ የጅማን የግንቦትና የሰኔ አየር ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅና በጣሪያ ክፍተት ያልፋል፤ «በደንብ ዘግተነዋል» ያልከው ወደ ሰውዬው መኝታ ገፍቶት ይሆናል። የመረዘውን ሰው የሚያድን ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የበሰበሰ ዓሣ ወይም ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ከመጣ ማንም አይግባ። ባይሸትም ክኒኑን በእጃችሁ ለመልቀም አትሞክሩ። ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደህ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ጥራ፤ ክፍሉ መቼና እንዴት እንደሚናፈስ፣ እህሉም ለሰው መሆን አለመሆኑን እሱ ይንገርህ። እስከዚያ ከዚያ ክፍል አንዲት ጣሳ እህል እንዳትወጣ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የደረት መጨነቅ የተሰማው ሰው ካለ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሆስፒታል ውሰዱት።

አሁን ወደ ጥያቄህ።

አበል አትክፈል። የባጃጅ ሒሳብ፣ ሻይና አምባሻ ክፈል፤ ይህ አበል አይደለም፣ ሰው ከኪሱ እንዳያወጣ ማድረግ ነው። ቤቱ የተቸገረ ልጅ ለመርዳት ሲል ራሱ እንዳይከስር ይህ ግዴታህ ነው። ከዚያ በላይ ከከፈልክ ግን ለ60 ሰው የማይበቃውን ገንዘብ ለ30 ወጣት ታካፍላለህ፤ ገንዘቡ ያለቀ ዕለት ወጣቱም ያልቃል። ሰርተፍኬት ለሚጠይቅህ ስጠው፤ የሠራውን ሰዓት በትክክል የሚናገር ይሁን እንጂ ምንም ነውር የለበትም። ሥራ ፈላጊ ልጅ ወረቀት መፈለጉን እንደ ስግብግብነት የሚቆጥሩ ትልልቅ ሰዎች ያናድዱኛል። እነሱ ሥራ ሲይዙ ማን ምን እንደጠየቃቸው ረስተውታል።

ደብዳቤህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ወጣቱ ሰነፍ ሆኖብህ የተቸገርክ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ቀኖቹን ቆጠርኩ። ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ ሠላሳ ሰው ነበራችሁ፤ ያለ አበል፣ ያለ ምንም። መጋቢት ላይ አንድ ልጅ በሰው ፊት ተባረረ፣ ቁልፉ አንተ ኪስ ገባ። ግንቦት ላይ ስድስት ቀራችሁ። «ወጣቱን ምን ነካው?» ብለህ ዙሪያህን ከመቃኘትህ በፊት መጋቢትን መለስ ብለህ እየው።

ስለ ልጁ አንድ ነገር አልጻፍክልኝም፤ ለምን እንደወሰደ። ምናልባት አልጠየቅከውም። የምግብ ባንክ ውስጥ የሚሠራ ልጅ የወሰደው ስልክ አይደለም፣ ሚዛን አይደለም፣ ፓስታ ነው። ሁለት ፓኬት፣ አንድ ኪሎ። ሸጦ የሚከብርበት ነገር አይደለም። እኔ ባለሁበት ሆኜ ልፈርድ አልችልም፤ ግን ሰው ፓስታ ጃኬቱ ውስጥ የሚሸጉጠው ብዙ ጊዜ እቤት የሚጠብቀው ሰው ስላለ ነው። ከእናንተ መሀል የተራበ ሊኖር እንደሚችል አላሰባችሁበትም፤ እንደ ብዙ የበጎ አድራጎት ቡድን «ረጂ» እና «ተረጂ» ብላችሁ ሁለት ወረፋ ሠርታችኋል። ጅማ ውስጥ ዲግሪ ይዞ እቤት የተቀመጠ፣ ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል የሚኖር፣ ቁርሱን የሚዘል ልጅ ስንት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እንዲህ ያለው ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ ነገሩ ስለሚገባው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያፍራል።

ሌሎቹ ልጆች ከዚያ ምን ተማሩ? አንተ «አትስረቁ» የሚለውን ልታስተምር ነበር። እነሱ ግን «እዚህ ቤት ከተቸገርክ እንዳታሳውቅ» የሚለውን ተማሩ ብዬ እፈራለሁ። ቁልፉን ስትወስድ ደግሞ ሁሉም ተጠርጣሪ ሆኑ። የማይታመን ሰው የሚመጣው ለፎቶ ብቻ ነው፤ ሌላ ምን ይሠራል?

የምልህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ወጣት ሳለሁ በአንድ የእርዳታ መጋዘን በፈቃደኝነት እሠራ ነበር። 11 ነበርን። ኃላፊያችን መልካም ሰው ነበር፤ ቁልፉን ግን በቀበቶው አስሮ ነበር የሚያድረው። አንድ ጊዜ ወባ ጣለውና ሦስት ቀን ቀረ። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ላስቲክ ተከናንበው፣ በዝናብ በሩ ላይ ቆመው ዋሉ። እኛም አብረናቸው ቆምን። በመስኮቱ ጆንያው ይታየናል። አንዲቱ እናት «እናንተ እዚህ የምትሠሩ አይደላችሁም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በአራተኛው ቀን በሩ ሲከፈት ከአሥራ አንዳችን የመጣነው ሁለት ነን። ሰውዬው እስከ ዛሬ «የዘንድሮ ወጣት» እያለ የሚያማን ይመስለኛል።

«የምግብ ባንክ» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ታውቃለህ? እ.ኤ.አ. በ1967 አሪዞና ክፍለ ግዛት፣ ፊኒክስ ከተማ ውስጥ ጆን ቫን ሄንገል የተባለ ሰው ነው በዓለም የመጀመሪያውን የከፈተው። እንደሚተረከው ሐሳቡን የሰጠችው ልጆቿን ሱቆች ከሚጥሉት ምግብ እየለቀመች የምታበላ እናት ናት፤ ገንዘብ እንደሚቀመጥበትና እንደሚወጣበት ባንክ ምግብም እንዲህ ያለ ቦታ ቢኖረው ብላ። ልብ በል፤ ሐሳቡ የመጣው ከተራበችው ሴት ነው። ደግሞም ባንክ ሲባል ገንዘብ ያዡ ሲታመም አይዘጋም። የሚያስተማምነው አንድ ታማኝ ሰው ስላለው አይደለም፤ ደብተርና ሁለት ፊርማ ስላለው ነው። አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፣ ይህን ለአንተ አላስተምርም። ሦስት ቁልፍ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ መዝገብ፤ ሲገባም ሲወጣም የሁለት ሰው ፊርማ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከፈራሚዎቹ ውጭ የሆነ ሦስተኛ ሰው ጆንያውን ይቁጠር። እንዲህ ከሆነ ፓስታ ቢጎድል ይታወቃል፤ የማንንም ጃኬት መፈተሽ አያስፈልግህም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሒሳቡ ነው። በአገራችን የሚታወቀው የእርዳታ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ለ60 ሰው በወር 9 ኩንታል እህል ማለት ነው። ያለህ ሁለት ኩንታል ተኩል። እኩል ካካፈልከው ለአንድ ሰው አራት ኪሎ ይደርሰዋል፤ ስምንት ቀን ያህል ነው። የቀረውን 22 ቀን ማን ይሸፍነው? ወጣቶቹም ይህን ሳያዩት አልቀሩም። በየወሩ ተሸክመው እየሰጡ የሰዎቹ ፊት ሲገረጣ የሚያዩ ከሆነ፣ ልፋታቸው ውኃ ውስጥ እንደተጣለ ጨው ይሆንባቸዋል።

ስለዚህ ምረጥ። መምረጥ ጭካኔ ይመስላል፤ ሳይመርጡ ሁሉንም ማስራብ ግን ከዚያ አይሻልም። ጅማ ላይ ረሃብ የቀን መቁጠሪያ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ይበጠራል፤ ጉልበት ያለው ሰው የቀን ሥራ አያጣም። ሰኔ ሲገባ ግን ያለፈው ዓመት በቆሎ ከጎታ አልቋል፣ የእህል ዋጋ ወጥቷል፣ ዝናቡ የግንባታውን ሥራ ያቆመዋል። የአዲሱ በቆሎ እሸት እስኪደርስ ድረስ ያሉት ሳምንታት ናቸው የሚከብዱት። ያን ጊዜ ደግሞ አገሩ ሁሉ ለምለም ነው! ከጅሬን ኮረብታ ላይ ቆመህ ቁልቁል ብታይ «እዚህ ማን ይራባል?» ትላለህ። አረንጓዴ ረሃብ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው፤ ደረቅ መሬትና የከብት አጥንት ስለማይታይበት ማንም አይደነግጥለትም።

የሰው ልግስና ግን በሌላ ቀን መቁጠሪያ ይሄዳል፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ፣ በኢድ። ነሐሴ ላይ በርህን የሚያንኳኳ ለጋሽ አታገኝም። ስለዚህ ከ14ቱ ቤት ማንም የሌላቸውን አረጋውያንና የሚያጠቡ እናቶችን ለይ። አምስት ቤት፣ 15 ሰው ቢሆኑ ሙሉ ራሽናቸው በወር 225 ኪሎ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ትችለዋለህ። ሠርተው የሚበሉትን ቤተሰቦች በቡናው ወራት ልቀቃቸው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያዛቸው። በበዓል ወር ከአምስት ኩንታል 225 ኪሎ ብታወጣ ሁለት ኩንታል ከ75 ኪሎ ይተርፍሃል። እንዲህ ያለ ሦስት ወር ካገኘህ ስምንት ኩንታል ለክረምት አስቀምጠሃል፤ ለ60ው ሰው አንድ ሙሉ ወር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚጎድለው። ለዘንድሮ ክረምት አልደረስክበትም፣ አውቃለሁ። ዘንድሮን በምትችለው ተወጣው፤ ከመስከረም ጀምሮ ግን ለሚቀጥለው አስቀምጥ።

አንድ ጥንቃቄ። ረመዳን ሲያልቅ የሚሰጣችሁን ዘካተል ፊጥር ከክረምቱ ክምችት ጋር እንዳትቀላቅሉት። እሱ ከኢድ ሶላት በፊት ለድሃው እጅ መድረስ ያለበት ነው፤ መጋዘን ውስጥ እስከ ነሐሴ የሚቆይ አይደለም። ሰደቃ ሌላ ነው። ያልገባችሁን የመስጊዱን ኢማም ጠይቁ። በፍልሰታ ደግሞ ለምትጾመው እናት እንቁላል ይዞ በሯ ላይ መቆም አያስፈልግም። ይህን የሚያውቁ ልጆች ከሁለቱም ወገን ይኑሯችሁ፤ ጅማ ለዚህ ሰው አታጣም።

ለወጣቱ የሚሰጥ ሥራ የለም ካላችሁ፣ እኔ እህሉን ብቻ አይቼ አምስት ሥራ እቆጥርላችኋለሁ። ጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ የእንጨት ርብራብ ይሠራለታል፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ ይርቃል። የገባበት ቀን ይጻፍበታል፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። እህል ሲመጣ እርጥበቱ ይፈተናል። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም፦ በደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ እህልና ደረቅ ጨው አድርጋችሁ ወዝውዙት፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ እዩት። ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ እህሉ አልደረቀም፣ ፀሐይ ይፈልጋል። የደረቀውን በሦስት ሽፋን አየር በማያስገባው ከረጢት ብታስሩት ነቀዙ ራሱ ታፍኖ ይሞታል፤ ያ ክኒንም አያስፈልጋችሁም። የሻገተ በቆሎና ለውዝ ግን «ለድሃ ይሁን» ተብሎ አይሰጥም። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ቢቀቀልም ቢቆላም አይጠፋም። ለላም ብትሰጡት በወተቷ ይመጣል። አንድ ነጋዴ የሻገተ ጆንያ «በረከት ነው» ብሎ ሲያመጣ አመስግኖ የሚመልስ ደፋር ልጅ ያስፈልጋችኋል፤ ይህ ራሱ አንድ የሥራ መደብ ነው።

ለዚህ ሁሉ ባለሙያው ከደጃችሁ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. በዚህ ስም ከመቋቋሙ በፊት የነበሩት የግብርና ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ናቸው የተዋሃዱት። ተማሪዎቹን ወደ ሰፈርና ወደ ገጠር አውጥቶ ከማኅበረሰቡ ጋር በማስተማር ይታወቃል። የግብርና ኮሌጁ የድኅረ ምርት ትምህርት ክፍል አለው። ሄደህ «እርዱን» ብለህ ደብዳቤ አታስገባ፤ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ሦስት ተማሪ ፈልገህ «እህላችን እየነቀዘ ነው፣ መጥታችሁ እዩት» በላቸው። የተማረውን የሚሞክርበት ያገኘ ተማሪ አበል አይጠይቅህም። የአካውንቲንግ ተማሪ መዝገብህን ይመርምርልህ፤ አንተም ብትሆን መመርመር አለብህ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለመሳብ በሰልፍ ላይ ንግግር አታድርግ። ልጅ የሚመጣው ጓደኛው ሲጠራው ነው። ለእያንዳንዱ የታወቀ ሥራና የታወቀ ሰዓት ስጠው፤ «ቅዳሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት፣ ሚዛኑ ያንተ ነው»። ለወላጆቻቸው ንገር፤ የማትሪክ ሰሞን ልቀቃቸው። ሴቶቹ ከመሸ እንዳይመለሱ አድርግ፤ ያን የ12 ሰዓት መክፈቻህን ለዚህም ሲባል መለወጥ አለብህ። ሐሙስ ገበያው ሲበተን ጎመን፣ ቲማቲምና አቮካዶ ሳይሸጥ የሚቀርባቸውን እናቶች የሚያነጋግሩ ልጆች ይመደቡ፤ ሲመሽ ዳቦ ቤቶች ጋ የሚዞር አንድ ሁለት ልጅ ይኑር። የበሰለ ምግብ ግን ለጊዜው አትጀምሩ። የሠርግ ወጥ ከምድጃ ወርዶ ሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተበላ፣ ወይም እየተሞቀ ካልቆየ፣ የምትሰጡት ምግብ ሳይሆን ተቅማጥ ነው። የሆቴል ትርፍራፊ ሰብስቦ «ቡሌ» ብሎ መሸጥ ድሮም የነበረ ነገር ነው፤ እናንተ ከዚያ የተሻለ ነገር እንድትሠሩ ነው የምመኘው።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ፎቶ የሚወዱትን አትናቃቸው፤ እኔም በእነሱ ዕድሜ ስልክ ቢኖረኝ አነሣ ነበር። ሕጉ ግን አንድ ይሁን፦ የተቀባይ ሰው ፊት አይነሳም። ሚዛኑን፣ ርብራቡን፣ በቀይ እስክሪብቶ የተዘጋውን የወሩን መዝገብ ያንሱ። ለጋሽ ከሚያለቅስ ፊት ይልቅ የተዘጋ ሒሳብ ሲያይ ነው ደግሞ የሚሰጠው፤ ነጋዴ እኮ ነው።

«ረሃብ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለውን ልጅ አትከራከረው፤ ግማሹ እውነት ነው። እንዲያውም ያን ልጅ ፈልገህ ሥራ ስጠው። ከ14ቱ ቤት ስንቶቹ በሴፍቲኔት መመዝገብ ሲገባቸው መታወቂያ በማጣት ወይም ማመልከቻ የሚጽፍላቸው በማጣት ቀርተዋል? የኦሮሞ ሕዝብ የመረዳጃ ሥርዓት የሆነውን ቡሳ ጎኖፋን ክልሉ ተቋም አድርጎታል፤ እዚያስ ማን አመለከተላቸው? ቀበሌ ወረፋ ላይ ቆሞ፣ ተከራክሮ፣ አንዲትን አረጋዊት የሚያስመዘግብ ልጅ ከአሥር ኩንታል ይበልጥብኛል። አፋን ኦሮሞውም አማርኛውም አፉ ላይ ያለ፣ ትንሽ ተናጋሪ ልጅ ይሁን። እንዲህ ዓይነቱ ለሸክም ሲጠሩት ይደበቃል፣ ለክርክር ሲጠሩት ግን ጫማውን ሳያስር ይመጣል።

እናንተም ከሕዝብ ገንዘብ እየሰበሰባችሁ ከሆነ ያለ ሕጋዊ ጥላ አትቆዩ። ድርጅት ለማቋቋም አትጣደፉ፤ እድሩ እያለላችሁ በእድሩ ስር ሁኑ፣ ሒሳቡም በእድሩ ስም ይከፈት። ሽማግሌዎቹ ስብሰባ ያበዛሉ፣ ታገሡአቸው።

ስለ እኚያ እናት። ወረፋ ላይ አለመቆማቸውን እንደ ኩራት አትይባቸው። እህል ሸጠው ሰው ሲያበድሩ የኖሩ ሴት ያበደሩት ሰው እያያቸው ፌስታል ይዘው እንዲቆሙ ነው የጠየቃችኋቸው። ወረፋውን ራሱን ተወው፤ ለሁሉም በየቤታቸው አድርሱ፣ ገበያ የዋለ ሰው በሚይዘው ዓይነት ዘንቢል። ለእሳቸው ግን ሌላ ነገር ይዘህ ሂድ። ከመጋዘኑ ሳይሆን ከውጭ የገዛኸውን አንድ እፍኝ በቆሎ ያዝና «እማማ፣ ይሄ ደርቋል ወይ? እኛ አናውቅበትም» በላቸው። በጥርሳቸው ሰብረው ይነግሩሃል። የጨውና የጠርሙሱን ነገር ይስቁበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን እህል መለየት ያስተምሩ፤ ሲመለሱ የድርሻቸውን ይዘው ይመለሱ፣ እንደ ማንኛውም እዚያ እንደሚሠራ ሰው። እምቢ ሊሉም ይችላሉ። እምቢ ካሉ ጎረቤታቸው የሆነች፣ የሚቀራረቧት አንዲት ሴት ትኖራለች፤ በእሷ በኩል ይለፍ፣ ከየት እንደመጣ አይወራ።

ይህ ሥርዓት ለወጣቶቹም ይሁን። በመዝገቡ ላይ አንድ ገጽ ክፈት፤ እዚያ የሚሠራ ሰው ቤቱ ከጎደለ ለሁለት ፈራሚዎች ብቻ ነግሮ ይወስዳል፣ ይጻፋል፣ አይወራም። ይህ ገጽ መጋቢት ላይ ኖሮ ቢሆን ያ ልጅ ጃኬት አያስፈልገውም ነበር።

እናትህ ያሉትን አልጻፍክልኝም፣ ግን እገምታለሁ፤ ከሥራ ወጥተህ እስከ ምሽት እዚያ ስትቆም ቤት ይጠብቁሃል። አንዱ ቁልፍ ከኪስህ ሲወጣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

አሁን ከባዱን ልንገርህ። ልጁ ቤት ትሄዳለህ። ብቻህን፣ ቲሸርቱን ሳትለብስ። ፓስታውን ቀድመህ አታንሣ። «በሰው ፊት ያደረግሁት ልክ አልነበረም» በለው፤ «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከከበደህ ይህችም ትበቃለች። ከዚያ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ቡና ከቀረበልህ ጠጣ። ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ፣ ምን እንደጎደለ ዓይንህ ይነግርሃል። ምናልባት በሩን ይዘጋብህ ይሆናል፤ መብቱ ነው። በሰው ፊት ያባረርከው ግን በሰው ፊት መመለስ አለበት፤ ስለዚህ ከመጣ ለቀሩት አምስት አንተው ተናገር፣ እሱን አታናግረው።

ሐሙስ ወደ ገበያ ስትወጣ እዚያው ጅማ መርካቶ ቁልፍ ቀራጮቹ ጋ ጎራ በልና ሁለት ትርፍ አስቀርጽ። አንዱን ከስድስቱ ለአንዷ ሴት ልጅ ስጥ። ሁለተኛውን ለማን እንደምትሰጥ ከልጁ ቤት ስትመለስ ትወስናለህ።